ከኬላ ላይ ለኢጋድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት (ኢጋድ)
ለዋና ጸሐፊው ጽሕፈት ቤት
ጅቡቲ

ጉዳዩ፦ የተፈረመው ሁሉ ኬላ ድረስ እንዲወርድ ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ጸሐፊ፣

ሃያ ስድስት ዓመት ትራንዚተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ዲክላራሲዮን መሙላት፣ ማኅተም መለመን፣ ፀሐይ ላይ ከተገተረ ተሳቢ አጠገብ ቆሞ ስልክ መጠበቅ እንጀራዬ ነበር። ጋላፊን በሙቀቷ፣ ደወሌን በአቧራዋ፣ መተማን በጭቃዋ አውቃቸዋለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት ሞያሌ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዜና እሰማለሁ፤ የድርጅታችሁ ስም ሲነሣ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። የአባል አገሮች መሪዎች ትስስራቸውን ለማጠናከር ተስማሙ ይባላል። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና “ዛሬም ተስማሙ?” ትለኛለች። “ተስማሙ” እላታለሁ። “እንግዲያው ትናንት ተጣልተው ነበር ማለት ነው” ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እኔ ግን ድርጅታችሁን ከሚያቃልሉት ወገን አይደለሁም፤ ሲወለድ አስታውሳለሁና። የ77ቱ ድርቅ ያን ሁሉ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ ጥር 1978 ዓ.ም. ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ ጅቡቲ ከተማ ላይ ተሰብስበው ድርቅን በጋራ የሚከላከል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የጉባኤው አጀንዳ ድርቅ ነበር። ከአጀንዳው የበለጠው ነገር ግን የተፈጸመው በጎን ነው። በኦጋዴን ጦርነት ደም የተቃቡት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ዚያድ ባሬ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ድርድሩ ሁለት ዓመት ተጎተተ፤ መጋቢት 1980 ላይ ግን ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅ፣ ምርኮኛ ለመለዋወጥ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመደገፍ ተፈራረሙ። በየቤታቸው እሳት ስለነደደባቸው ነው የታረቁት የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን። እሳት የነደደበት ሰውም ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገርበት በር ያስፈልገዋል፤ ያን በር የከፈተው የናንተ ጉባኤ ነው። ከዚያ በኋላ ካምፕ ውስጥ ዓመታት የቆጠሩ ምርኮኞች ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ ከነሱ አንዱ አብሮኝ የሠራ ሾፌር ስለነበር ነገሩን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም።

መጋቢት 1988 ናይሮቢ ላይ ቻርተሩ ተሻሻለና “ድርቅ” የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ፤ በምትኩ ሰላም፣ ንግድና ምጣኔ ሀብታዊ ትስስር በሥራው ውስጥ ገቡ። ድርቁ ከስሙ ይውጣ እንጂ ከአገሩ አልወጣም። ቢሆንም የሱዳንን ያህል ሥራ ማን ሠራ? ለሃያ ዓመት የዘለቀውን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ኬንያዊው ጄኔራል ላዛሮ ሱምቤይዎ በድርጅታችሁ ስም ይዘው፣ ሐምሌ 1994 ማቻኮስ ላይ መሠረቱን አስጥለው፣ ጥር 1 ቀን 1997 ናይሮቢ ላይ አስፈርመውታል። ደቡብ ሱዳን ራሷ እርስ በርስ ስትባላ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አንዴ በ2007 ማብቂያ፣ ያ ሲፈርስ ሁለተኛ በ2011 መግቢያ አስፈርማችኋል። ስምምነቱ በተፈረመ ቁጥር ፈርሷል ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። የፈረሰ ጎጆ ማቆም የሞከረ ሰው አይስቅም።

ከሁሉም አብልጬ የማመሰግናችሁ ግን በማንም አፍ ስለማይነሣው ናይሮቢ ስላለው የአየር ንብረት ማዕከላችሁ ነው። ኢክፓክ የሚሉት። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ የ11 አገር የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ተቀምጠው ትንበያቸውን አንድ ያደርጋሉ። ባለሥልጣኖቻቸው ተኮራርፈው የሚውሉ አገሮች ስለ ደመና ሲሆን ይነጋገራሉ። ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ ማዕከሉ አስቀድሞ ደጋግሞ ተናግሯል። እኔ ያን ጊዜ ቦረና ነበርኩ። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ መንገዱ ግራና ቀኝ የከብት ሬሳ ነበር፤ መስኮት ዘግተን ነበር የምናልፈው። አንድ ሽማግሌ፣ የቀሩትን ሦስት ላሞች በጅራታቸው እየደገፈ የሚያስነሣ፣ ዝናቡ እንደማይመጣ ማን ነግሮት እንደነበር ጠየቅሁት። ሞራ የሚያነቡ አዋቂዎች ነግረውት ነበር። ከናይሮቢ ስለወጣው ትንበያ የሰማው ነገር አልነበረም። የሚያሳዝነው ሁለቱም ያሉት አንድ ነበር። ሰውዬው ቢሰማስ ከብቱን ወዴት ይነዳው ነበር? ሣሩ ካለበት ወገን ለመሻገር ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። እዚህ ላይ ነው የኔ ጉዳይ የሚጀምረው።

የካቲት 2012 ኻርቱም ላይ የአባል አገሮች የአገር ውስጥና የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሮች የሰዎችን ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ተቀበሉት። አብሮት አርብቶ አደሩ ከነከብቱ ወቅት ተከትሎ ድንበር የሚሻገርበት ሌላ ፕሮቶኮልም አለ። ሁለቱንም አግኝቼ አንብቤያለሁ፤ ሰነድ ማንበብ የኖርኩበት ሙያ ነውና። ጥሩ ሰነዶች ናቸው። ቦረናው፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ኑዌሩ ድንበር ከመሰመሩ በፊት ሲያደርግ የኖረውን በሕግ ቋንቋ ጽፈውታል። ከየአገሩ ምክር ቤት ገብተው መጽደቅ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። ሁሉም አገር አጽድቆ በሥራ ላይ አላዋላቸውም። እስከዚያው ኬላው እንደ ድሮው ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገርዎት። ቦታውን አልጠራም፤ ከየትኛው አገር ወገን እንደሆነም አልናገርም። ብዙ ኬላዎች ራሳቸውን ሊያዩበት ይችላሉ።

አንዲት ሴት ሁለት ጆንያ ቦሎቄ በጋሪ ጭና መጣች። ሃምሳ ኪሎ ሃምሳ ኪሎ። ወዲያ ማዶ ሽጣ የገላ ሳሙና፣ ቴርሞስና አንሶላ ይዛ ልትመለስ ነው። እናቷም ያንኑ ስትሠራ ኖራለች። ጠባቂው ፈቃድ ጠየቃት። “ልጄ፣ ቦሎቄ እኮ ነው” አለችው። ፈቃዱ የሚገኘው ከዞኑ ከተማ ነው አላት፤ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ የአንዱን ጆንያ ትርፍ ይበላል። ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። እኔ በዚያ ሰዓት የአንድ አስመጪን አርባ ቶን ጭነት ሰነድ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ክላሰር። ጭነቴ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አለፈ። ከዚያ ልረዳት ሄድኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለሷ የምሞላው ቅጽ አጣሁ። በክላሰሬ ውስጥ ያለው ሁሉ የተሠራው ለባለ ከባድ መኪና ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ካፊያ ጣለ። ቦሎቄ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ካበጠ ገዢ የለውም። ነጠላዋን አውልቃ ጆንያዎቹ ላይ ዘረጋችው። ከኬላው በስተግራ፣ መቶ እርምጃ እንኳ የማይርቅ የግመል መንገድ አለ፤ በዚያ ላይ ሞተር ሳይክሎች ሸቀጥ እየጫኑ ይመላለሳሉ። ጠባቂውም ያያል፣ እኔም አያለሁ፣ እሷም ታያለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ደላላ መጥቶ ሁለቱን ጆንያ በግማሽ ዋጋ ገዛት። ቦሎቄው በሞተር ሳይክል ላይ ወጣና በግመሉ መንገድ ተሻገረ።

ያን ቀን ሕጉ የከለከለው ቦሎቄውን አይደለም፤ ሴትየዋን ነው። ኮንትሮባንድ ስንል የምንውለው ነገር ከፊሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሕጋዊ በር ያጣ ሰው ነው ለሕገ ወጡ የሚያስረክበው። መንግሥታቱ ቀረጥ አላገኙም፣ ሴትየዋ ትርፍ አላገኘች፣ ደላላው ብቻ ደህና አመሸ።

ክቡርነትዎ “ይህ የአባል አገሮች ጉዳይ ነው፣ ሴክሬታሪያቱ ጉምሩክ የለውም” ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን ከናንተ በስተደቡብ ያሉትን ይመልከቱ። በኬንያና በኡጋንዳ መካከል ቡሲያ የምትባል ከተማ አለች፤ በሥራ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሕግ መሠረት ዋጋው ከ2,000 ዶላር የማይበልጥ፣ እዚያው ክልል ውስጥ የተመረተ ሸቀጥ የያዘ አነስተኛ ነጋዴ ቀለል ያለ የምንጭ ማረጋገጫ እዚያው ድንበር ላይ አስሞልቶ ያልፋል። ሽንኩርት የያዘች ሴት ወረቀቱን ስታስሞላ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሰዓቴን አይቼ ነበር፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ኬንያዊ፣ ኡጋንዳዊና ሩዋንዳዊ ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በመታወቂያ ብቻ ይገባባል። እዚያ ጭቅጭቅ የለም አልልም፤ መሪዎቻቸው ድንበር ዘግተው የተኮራረፉበት ጊዜ አለ። ቅጹ ግን አለ። የሰማሁትና ያየሁት ልዩነት ይኸው አንድ ወረቀት ነው።

ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ደቡብ ሱዳንና ሶማሊያ የሁለቱም ማኅበሮች አባል መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። እዚያ ቤት የለመዱትን እዚህ ቤት መሥራት የሚያቅታቸው ለምንድን ነው? ለኔ የሚመስለኝ እዚህ ቤት ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

ሞያሌ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። መኪና ከኛ ወገን ወደ ኬንያ ሲሻገር መስመር ይለውጣል፤ እኛ በቀኝ፣ እነሱ በግራ ነው የሚነዱት። ሰዓቱ ግን አይለወጥም። ስዋሂሊ ተናጋሪው “ሳ ታቱ” ሲል የኛኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እነሱም እንደኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ይቆጥራሉ። ብሩም ሽልንጉም በሁለቱም ወገን ሱቅ ይመነዘራል። ኅዳር 30 ቀን 2013 የሁለቱ አገር መሪዎች የመረቁት፣ የሁለቱም ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት የድንበር ጣቢያም አለ፤ ሕንጻው ያምራል፣ ለከባድ መኪና ትልቅ እፎይታ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ከኅዳር 2015 ጀምሮ ለጎረቤት መብራት ይሸጣል። ቦረና ሜዳ ላይ ቆሞ ሽቦውን ሽቅብ ያየ ሰው መብራት ድንበር ሲሻገር ያያል። መብራት ፈቃድ የሚጠይቀው ኬላ የለም። ከሽቦው ሥር ጆንያ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ግን ማን ያሻግራት?

አሁን ወደማይመቸው ነገር ልግባ። ድርጅታችሁ ውሳኔ የሚያሳልፈው በመግባባት ነው፤ አንዱ ካኮረፈ ሁሉም ይቆማል። ያኮረፈውም በሩን ዘግቶ ይወጣል። ኤርትራ በሚያዝያ 1999 ወጣች፣ በሰኔ 2015 ተመለሰች፣ በታኅሣሥ 2018 እንደገና ወጣች። ሱዳን በጥር 2016 የፈጥኖ ደራሹን ጦር አዛዥ ለምን ጋበዛችሁ ብላ አባልነቷን አገደች። የኛንም አገር አልሸፍንም፦ በየዓመቱ ሊዞር የሚገባውን ሊቀ መንበርነት ኢትዮጵያ ከ2000 እስከ 2012 ይዛው ቆይታለች፤ በዚያን ጊዜ በየስብሰባው እንኮራበት ነበር፣ አሁን ሳስበው የሚያኮራ አልነበረም። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜም የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ነው፤ ኢጋድ እዚያ የተቀመጠው በታዛቢነት ነበር። በገዛ ሠፈሩ ልቅሶ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ይህን የምጽፈው ለማሳጣት ብዬ አይደለም፤ ትልልቁን ጠብ ማብረድ ካቃተ ትንሹን በር መክፈት አይቻልም የሚል ሰበብ እንዳይቀርብልኝ ነው። ደመናውን በተመለከተ ችላችኋል። መሪዎቹ በማይነጋገሩበት ሳምንት ባለሙያዎቹ የዝናብ ካርታ አናብበዋል። የቦሎቄ ቅጽ ከዝናብ ካርታ አይከብድም።

ገንዘቡንም አንርሳ። ኢጋድ በአመዛኙ የሚንቀሳቀሰው በለጋሾች ገንዘብ ነው። አባል አገሮች መዋጮ ያዘገያሉ። ይህ ምን እንደሚያመጣ በአንበጣው ጊዜ አይተናል። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የነበረ፣ ድንበር የማያውቀውን ተባይ ድንበር በማያውቅ አውሮፕላን እንዲከላከል የተቋቋመ ነው። በ2012 መንጋው ሲመጣ አባላቱ መዋጮ ሲያጓድሉበት የኖረው ድርጅት የቀሩት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ። ገበሬው ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ ጅራፍ እያጮኸ ማሳውን ጠበቀ። ዕድር እንኳ ወርኃዊ ያልከፈለን አባል ስም ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። እናንተ ለምን አትለጥፉም?

እንግዲህ የምለምንዎት ይህን ነው። ሴክሬታሪያቱ ለአነስተኛ ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ ያርቅቅ። ለማርቀቅ የመሪዎች ጉባኤ አይጠይቅም፤ አንድ የጉምሩክ ባለሙያ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ካስፈለገም አንድ ጡረተኛ ትራንዚተር ይበቃል፤ አበል አልጠይቅም። ቅጹ ሁሉንም አባል አገር መጠበቅ የለበትም፤ ሁለት ፈቃደኛ አገሮች በአንድ ኬላ ይጀምሩት፤ ሌላው አይቶ ይከተላል። ምን ያህል ሸቀጥ ያለ ፈቃድ እንደሚያልፍ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ጠባቂው ምን የመጠየቅ መብት እንደሌለው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በዐረብኛና በአማርኛ በየኬላው በትልቁ ይጻፍ። ማንበብ የማትችለውም ሴት “እስቲ አንብብልኝ” ብላ የምትጠቁመው ሰሌዳ ይኑራት። ፕሮቶኮሎቹን ማን እንዳጸደቀ፣ መዋጮ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ በየዓመቱ ይፋ ይውጣ። የናይሮቢው ትንበያም ከባለሙያዎቹ ጠረጴዛ ወርዶ በቦረናና በማርሳቤት፣ በአፋርና በዲኪል ሬዲዮ አርብቶ አደሩ በሚሰማው ቋንቋና ሰዓት ይነገር።

የመጨረሻው ልመናዬ ቀላሉ ነው፤ ወይም እኔ ቀላል መስሎኛል። የሚቀጥለውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስብሰባ በዋና ከተማ ሆቴል ከማድረግ ሞያሌ ላይ አድርጉት። ሚኒስትሮቹ ሻንጣቸውን ራሳቸው ይዘው በእግር ይሻገሩ። ያለ አጀብ፣ ያለ ዲፕሎማቲክ ፓስፖርት፣ በተራ ሰልፍ። ከፊታቸው ጆንያ የያዘች ሴት ካለች ተራዋን ይጠብቁላት። አዳራሹን በተመለከተ ትምህርት ቤት አይጠፋም። አልጋም አለ፤ አስቀድሞ መደወል ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ ትራንዚተር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአባል አገሮች የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች
ለዚያች ባለ ቦሎቄ፣ ባለችበት